የፍጥነት ቅጣት በማን ስም ይጻፍ?

ነጋዴ ዕቃው ከባልንጀራው ዕቃ ቀድሞ ገበያ እንዲደርስለት መመኘቱ የሚያስነቅፈው ነገር አይደለም፤ የንግድ ጠባይ ነውና። ነገር ግን ይህ ምኞት በመንገድ ላይ ወደ ፍጥነት በተለወጠ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍል ሰው መኖሩ አይቀርም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናመለክት የፈለግነው ይህ ዋጋ በማን ስም መጻፍ እንደሚገባው ነው። በብዙዎቹ የኤውሮፓ አገሮች የቅጣቱ ደብዳቤ በመጀመሪያ የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ በአብዛኛው በሾፌሩ ላይ ብቻ ያርፋል። የኤውሮፓው አሠራር በዚህ በአንዱ ነገር እንደሚሻል እናምናለን፤ ይህንንም ከሁሉ አስቀድመን መፈለግ የሚገባን እኛው ነጋዴዎች ነን።

በመጀመሪያ የዚያን አገር አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ከአስመጪዎችና ከላኪዎች ወገን ለዕቃ ምርጫ፣ የንግድ ትርዒት ለመመልከት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ፈረንሳይ ሄደው መኪና ተከራይተው ራሳቸው የሚነዱ አሉ። በዚያ መንገድ ላይ አጥፊውን ሁልጊዜ ፖሊስ አያስቆመውም። መንገድ ዳር የተተከለ ካሜራ የመኪናውን ታርጋ ያነሣል፤ ነጂውም ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። በኢጣልያ በተለመደው ደንብ በከተማ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ከከተማ ውጭ በተራው መንገድ 90፣ በአውቶስትራዳ 130 ኪሎ ሜትር ተፈቅዷል፤ ዝናብ ሲዘንብ የአውቶስትራዳው ወደ 110 ይወርዳል።

የዚህ ካሜራ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። በስሙ የሚጠራውን መሣሪያ የሠራው ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር ያሸነፈ ነጂ ሲሆን፣ መሣሪያውን በመጀመሪያ የሠራው በመታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ብሎ ነው። ለመፍጠን የተሠራው መሣሪያ በኋላ ፍጥነትን ለመግታት በፖሊሶች እጅ ገባ። ካሜራውን ባየ ጊዜ ብቻ ፍሬን ረግጦ ካለፈ በኋላ እንደገና የሚያፈጥን ሰው ስለ በዛም፣ ኢጣልያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውቶስትራዳዎችዋ ላይ ሌላ ዘዴ አቆመች፤ ይኸውም መኪናው በሁለት ቦታዎች መካከል የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ አማካይ ፍጥነቱን የሚያወጣ ነው። ፈረንሳይም በ2003 እ.ኤ.አ. ካሜራ በስፋት መትከል ጀመረች። በ2002 በመንገዶችዋ ላይ ከሰባት ሺህ በላይ ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ2010 ግን ቁጥሩ ከአራት ሺህ በታች ወረደ። ይህ ሁሉ የካሜራ ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ድርሻው ቀላል እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

ካሜራው ያነሣውን ታርጋ ተከትሎ ደብዳቤው ለባለቤቱ ይላካል። መኪናው የኪራይ ከሆነ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት ነው፤ እርሱም በውሉ ላይ ያለውን የተከራዩን ስምና አድራሻ ለመንግሥት ያስታውቃል፤ ለዚህ ድካሙም ከተከራዩ የባንክ ካርድ ላይ የአገልግሎት ዋጋ ይቈርጣል። ይህ ዋጋ ቅጣቱ አለመሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ገንዘቡ ሲቈረጥ ነገሩ ያለቀ መስሎት ይቀመጣል። ዋናው የቅጣት ወረቀት ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ኢጣልያ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ወረቀቱን ለማድረስ እስከ 360 ቀን ጊዜ አላት። ቶሎ ለሚከፍል ቅናሽ ይደረግለታል፤ በኢጣልያ በአምስት ቀን ውስጥ ለከፈለ፣ ከባዱ ጥፋት ካልሆነ በቀር፣ ከመቶ 30፣ በእስፓኝም በ20 ቀን ውስጥ ለከፈለ ግማሹ ይቀነሳል። የዘገየ ሰው ደግሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ መኪና የሚከራይ ነጋዴ ውሉን አንብቦ መፈረም፣ ደብዳቤ የሚደርስበትን ትክክለኛ አድራሻ መስጠት፣ የውሉንም ቅጂ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ ይገባዋል።

የኤውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው መመሪያ የመኪና ባለቤቶችን ስም እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ ስላልገባች ወረቀቱን ቀድዶ መጣል የሚያዋጣ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ደንበኛው ዘንድ እንደገና የሚመለስ፣ ስሙን አምኖ በዱቤ ዕቃ የሚሰጠው ባለፋብሪካ ያለው ሰው፣ በዚያ አገር መዝገብ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ትቶ መምጣቱ ትርፍ አይሆንለትም። ሀብት መኖሩም በሁሉ ስፍራ አያድንም፤ በፊንላንድ ከባድ የፍጥነት ቅጣት የሚሰላው በአጥፊው ገቢ መጠን ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት ስፍራ በ82 የነዳ አንድ ሀብታም ነጋዴ 121,000 ኤውሮ እንዲከፍል ተደርጓል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን የገንዘቡን ብዛት ሳይሆን የደብዳቤውን አድራሻ ነው። በፈረንሳይም ሆነ በእንግሊዝ አገር ወረቀቱ የሚደርሰው ባለቤት ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ ይከፍላል፣ ወይ በዚያ ሰዓት መኪናውን የነዳው እገሌ ነው ብሎ ያስታውቃል። አላውቅም ብሎ ዝም ማለት ራሱ ያስቀጣዋል። በዚህም ምክንያት የካሚዮን ባለቤት የሆነ ድርጅት የእያንዳንዱን ጉዞ ነጂና ሰዓት በመዝገብ ይይዛል፤ በስሙ ደብዳቤ የበዛበት ድርጅትም ሾፌሮቹ ለምን እንደሚቸኩሉ ራሱን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው፣ ከመካነ ሰላምም ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚሻገረው መንገድ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ንግድ ጉሮሮው ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ምስሩ፣ በጉና ቆዳው በዚሁ ይወጣል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮም በዚሁ ይገባል። ይህ አገር መንኰራኵርን በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት የሚያሳልፍ አገር መሆኑን ከጥንት ጀምሮ አሳይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስመጡ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ ገደሉን ለማለፍ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። አቀበቱን በብዙ መቶ ሰው ጉልበት ይጐተት የነበረው መድፍ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድም እንዳያመልጥ ወደ ኋላ የሚይዘው ሰው ያስፈልገው ነበር። መድፉም እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ። በዛሬው ካሚዮን ላይ ያንን ወደ ኋላ የሚይዝ ሰው የሚተካው ፍሬኑና የሾፌሩ ማስተዋል ብቻ ነው።

በዚህ ደጋ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ለማስታወስ አንድ ነገር ይበቃል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በለጋምቦ ወረዳ አንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። የዚያን አደጋ ምክንያት በዚህ ዓምድ ልንፈርድ አንነሣም። በአገር ደረጃም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7ቱ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ በኤውሮፓ ክፍል ግን 9.3 ብቻ ነው። መኪና የሚበዛው በእነርሱ ዘንድ ነው፤ ሬሳ የሚበዛው ግን በእኛ ዘንድ ነው።

ለመሆኑ ሾፌሩን የሚያስቸኵለው ማን ነው? አንዳንዱ በራሱ ጠባይ ይፈጥናል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ «ለነገ ገበያ ካልደረሰ ሂሳብህን አልሰጥም» የሚለው ድምፅ የባለ ዕቃው ድምፅ ነው። ስለዚህ ነጋዴ የሚያውቀውን ሒሳብ እናስላ። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት በ50 ቢነዳ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ በ60 ቢነዳ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። የተገኘው ትርፍ 20 ደቂቃ ነው። በዚሁ ጭማሪ ግን መኪናው ለመቆም የሚፈልገው የፍሬን ርቀት በግማሽ ያህል ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነም ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህም በደልዳላ መንገድ ሲሆን ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ካሚዮን ረጅም ቁልቁለት በፍጥነት ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም መያዝ ያቅተዋል። ጭነቱ እስኪዘጋጅ ግማሽ ቀን በመጋዘን በር ላይ ያቆምነውን ካሚዮን፣ በገደል አፋፍ ላይ 20 ደቂቃ እንዲያድንልን ማስቸኰል እውነተኛ ሒሳብ አይደለም። አትርፍ ባይ አጉዳይ የተባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ሕጋችን ስለ ፍጥነት ዝም ያለ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በጥፋቱ መጠን በነጂው ላይ ነጥብ እንዲመዘገብና ነጥቡ ሲበዛ መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ የሚያደርግ አሠራር አስገባ፤ በኋላም በሌሎች ደንቦች ተሻሽሏል። በአዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊሶች ፍጥነትን በራዳር ሲለኩ ቆይተዋል፤ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም የፍጥነት ወሰን ተደንግጎ ይሠራበታል። ነገር ግን የነጥቡ አሠራር የሚያርፈው በነጂው መንጃ ፈቃድ ላይ ነው። የተቀጣው ሾፌር በሌላ ይተካል፤ ካሚዮኑም በዚያው የጊዜ ቀጠሮ መመላለሱን ይቀጥላል። አስቸኳዩ ሰው ግን አንዲት ወረቀት እንኳ አልደረሰችውም።

በካሜራ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ችላ ልንለው አይገባም። በኤውሮፓም ቢሆን ካሜራው የመንግሥት ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆነ እየተባለ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ክርክሩም ፍሬ አፍርቷል። በኢጣልያ ካሜራ ያለበት ስፍራ አስቀድሞ በምልክት እንዲታወቅ ሕግ ያዝዛል፤ በብዙ አገሮችም የተቀጣው ሰው ፎቶግራፉን ማየትና ይግባኝ ማለት ይችላል። እኛም ይህ መሣሪያ ወደ ደጋችን መንገድ በመጣ ጊዜ እንዲሁ መጠየቅ ይገባናል፤ ምልክቱ አስቀድሞ ይተከል፣ ቅጣቱ በደረሰኝ በባንክ ይከፈል፣ ይግባኝ የሚሰማ ይኑር። በመንገድ ዳር ከእጅ ወደ እጅ ከሚያልፍ ገንዘብ ይልቅ ታርጋና ሰዓት ያለበት ወረቀት ለነጋዴ የተሻለ ነው፤ ወረቀት በመዝገብ ይገባልና፣ በመዝገብ የገባውንም መርምሮ ማረም ይቻላልና።

ካሜራው እስኪመጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ያለ መንግሥት ትእዛዝ፣ ያለ ካሜራም፣ ዛሬውኑ በራሳችን የጭነት ውል ልናደርጋቸው የምንችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዕቃው የሚደርስበት ሰዓት በተፈቀደው ፍጥነት ታስቦ፣ የእረፍት ጊዜም ተጨምሮበት በውሉ ይጻፍ፤ ከዚያ ቀድሞ ለገባ ሾፌር ጉርሻ መስጠትም ይቅር። ሁለተኛ፣ በባለ ዕቃው መቸኰል ምክንያት ጭነቱ ዘግይቶ ከተነሣ ለመዘግየቱ ኃላፊው ባለ ዕቃው መሆኑ ይታወቅ፤ ሾፌሩ በመንገድ ላይ ያካክሰው አይባል። ሦስተኛ፣ በፍጥነት ምክንያት የሚመጣ ቅጣት በውሉ የተሰጠው ጊዜ አጭር ሆኖ ከተገኘ ከሾፌሩ ደመወዝ ሳይሆን ከካሚዮኑ ባለቤትና ከባለ ዕቃው ኪስ ይከፈል።

ይህ ሦስተኛው ነገር ለብዙ ሰው እንደማይዋጥለት እናውቃለን። «ሌላው ለፈጠነው እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ይባላል። መልሱ አጭር ነው። ትርፉ ሲገኝ የባለ ዕቃው ከሆነ፣ ዕዳውም ሲመጣ ድርሻው ሊሆን ይገባል። በንግድ ማኅበር ውስጥ ትርፍን ለብቻው ወስዶ ኪሣራን ለባልንጀራው የሚተው ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሾፌሩ በዚያ ገደል ላይ የእኛ የንግድ ባልንጀራ ነው፤ ያስያዘውም ሕይወቱን ነው።

የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ይህን አሳብ በየሱቃቸውና በየመጋዘናቸው እንዲመክሩበት፣ የጭነት ማኅበራትም በውሎቻቸው እንዲያስገቡት በትሕትና እናሳስባለን። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ መንገድ ላይ ያፈሰሰ ሰው ግን ሁልጊዜ ወርዶ ለመልቀም የሚችል አይደለም።