ጧፍ ሲገዛ ክሩም ይታይ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ገበያዎች የጧፍ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሰሙ ነው። ንጹሕ ነው ወይስ ቅልቅል? ይላል፤ ቀለሙን ያያል፣ ያሸታል፣ በዋጋ ይከራከራል። ውስጡ ስላለው ክር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የጧፍ ንግድ ስሙ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጧፍ በሰም የተለበጠ የጥጥ ክር ነው። ሲለኮስ ሰሙ ይቀልጥና በክሩ ጥቃቅን ክፍተቶች ወደ ላይ ተስቦ፣ ጫፉ ላይ ተንኖ ይነዳል። ብርሃኑን የሚሰጠው በዋናነት ሰሙ ቢሆንም፣ በምን መጠን እንደሚቀርብ የሚወስነው ክሩ ነው። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ ይደክማል፣ ሰሙም ሳይነድ ይንጠባጠባል። ከወፈረ ደግሞ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ጥቀርሻ ይበዛል፣ ጧፉም ቶሎ ያልቃል።

ጎጃም የማር አገር ነው። ከማር ማጣሪያና ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ቀልጦም ወፈር ያለ ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው ፓራፊን ግን ሲቀልጥ ይቀጥናል። በመሆኑም ለንብ ሰም የሚስማማ ክር ለፓራፊን ይወፍራል። ፓራፊን እየቀላቀለ የቀድሞውን ክር የሚጠቀም አምራች የሚያጨስ ጧፍ ለገበያ ያቀርባል። ገዢው ሰሙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሁለቱ አለመጣጣም ጭምር ነው። ቅልቅሉን ቅልቅል ብሎ፣ ክሩን አቅጥኖ፣ በዋጋው የሚሸጥ ነጋዴ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ቅልቅሉን በንጹሕ ዋጋ የሚሸጠው ነው።

ክርን በተመለከተ የእጅ ፈትል ለስላሳ በመሆኑ ሰም በደንብ ይስባል፤ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ግን ነበልባሉ ከፍ ዝቅ ይላል። የፋብሪካ ክር እኩልነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ ይኸው ክር ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ዛሬ አሳሳቢው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ክር ጥጥ ተብሎ መሸጡ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ዘለላ በክብሪት ይለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ቀልጦም እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

አያያዙም ያው ጥንቃቄ ይሻል። እርጥበት የያዘ ክር ሲነድ ይንጣጣል። በደንብ ያልተጣራ ሰም ቆሻሻው የክሩን ክፍተት ስለሚደፍን ጥሩውን ክር ከንቱ ያደርገዋል። ከመጠን በላይ የከረረ ክርም ሰም አያሳልፍም።

ክር ተራ ነገር አለመሆኑን የዓለም ታሪክም ያሳያል። ቀድሞ በአውሮፓ የሻማ ክር ሳይነድ እየረዘመ በመቀስ መቆረጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳዊው ካምባሴሬስ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ክር ሲያስተዋውቅ፣ ጫፉ ወደ ነበልባሉ ዳር እየታጠፈ ራሱን በራሱ ያቃጥል ጀመር። በክሩ ለውጥ ሥራው ተለወጠ።

የጧፍ ዋና ገዢ ምእመኑና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በትንሣኤ ሌሊት ሺህ ጧፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲበራ የመጥፎ ክር ጥቀርሻ የሚያርፈው በግድግዳው ሥዕል ላይ ነው። ኩራዝ ለሶላር መብራት ቦታውን እየለቀቀ ባለበት ዘመን ጧፍ ገበያውን ያላጣው በዚሁ ምእመን ነውና፣ እሱን ማስቀየም ለነጋዴው ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ጅምላ ገዢው ከየእስሩ አንዳንድ ጧፍ መዝዞ ጎን ለጎን ይለኩስ፤ ስንት ደቂቃ እንደነደደ በሰዓት ይያዝ፤ ዋጋውንም በቁጥርና በውፍረት ብቻ ሳይሆን በዚያ ይተምን። አምራቹም የሰሙንና የክሩን ዓይነት በእስሩ ላይ ይጻፍ። ሰምና ወርቅ በመለየት የታወቀ አገር፣ ሰምና ክር መለየት አያቅተውም።