የኮረንቲ ሕክምና ወደ ሕመምተኛው ይቅረብ

የሚከተለውን የአስተያየት ድርሰት በጥሞና አንብቡ። ጸሐፊው አቋሙን በየትኛው አንቀጽ እንደ ገለጠና በምን በምን ምክንያቶች እንደ ደገፈው አስተውሉ።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ በማለዳ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ቡናው ይወጣል። በዚህ ጊዜ ከመኝታው መነሣት ያቃተው ሰው ቢገኝ፣ አንዱ «ሰነፈ» ሲለው ሌላው «እርግማን ነው» ይለዋል። ይሁን እንጂ እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ የመረረውና በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የቆየ ሰው፣ ሰነፍም የተረገመም ሳይሆን ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ድብርት፣ በባለሙያዎች ዘንድም ድባቴ ይባላል። በጸና ጊዜ ሰውየውን እህል ውሃ እስከ ማስተው፣ አልፎም ሕይወቱን በገዛ እጁ ለማጥፋት እስከ ማነሣሣት ይደርሳል።

ለድብርት የምክር ሕክምናና የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ በእነዚሁ የሚድኑትም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን መድኃኒት ተሰጥቶት ያልተሻለው፣ ወይም እህል ውሃ በመተዉ መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ሳምንታት መጠበቅ የማይችል ሕመምተኛ አለ። እንዲህ ላለው ሰው የሚታዘዘው ኃይለኛ ሕክምና፣ በተለምዶ የኮረንቲ ሕክምና የሚባለው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሕክምና በዋና ከተማ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ ተገቢው ጥንቃቄ እየተደረገለት እንደ ኢሉባቦር ራቅ ባሉ አካባቢዎች ለሚኖረው ሕዝብም በቅርብ ሊደርሰው ይገባል።

በመጀመሪያ ሕክምናው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ጀማሪዎቹ ኡጎ ቼርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ የተባሉ የኢጣልያ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ በሰው ላይ የሞከሩት በሮማ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የሕመምተኛው ሰውነት ክፉኛ እየተንፈራገጠ አጥንት እስከ መሰበር የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚፈራው ያንኑ የጥንቱን አሠራር ነው። በአሁኑ ሥርዓት ግን ሕመምተኛው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ይወጋል፤ ኦክሲጅንም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች በራስ ቅሉ በኩል የሚያልፈው መጠነኛ ኮረንቲ በአንጎሉ ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ አጭር ንዝረት ያስነሣል። ንዝረቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አያልፍም።

ይህ ንዝረት በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊን፣ ጋባና እነዚህን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። ንዝረቱ የእነዚህን ንጥረ ነገሮች አሠራር ይለውጣል። ከእነርሱም መካከል ጋባ የሕዋሳትን መቀስቀስ የሚገታ፣ እንደ ልጓም ያለ ንጥረ ነገር ነው። ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር ንዝረቱን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኮረንቲ እየጨመረ፣ ንዝረቱም እያጠረ ይሄዳል፤ ይህም አንጎል በገዛ ራሱ ልጓሙን እያጠበቀ መሆኑን ያመለክታል። ከዚህም ሌላ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርምር የነርቭ ሕዋሳትን እድገት የሚረዳ ፕሮቲን ሲጨምር ታይቷል። በሰዎችም ላይ ከሕክምናው በኋላ በተነሣ የአንጎል ምስል፣ ሂፖካምፐስ የተባለውና ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም የዚህ ክፍል ማደግና የሕመምተኛው መሻል ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ስለዚህ «የጎደለው ንጥረ ነገር ተሞላለት» ብሎ በአንድ ቃል መደምደም አይገባም። ይበልጥ የተረጋገጠው ውጤቱ ነው። ማደንዘዣ ብቻ ከተሰጣቸው ሕመምተኞች ይልቅ ንዝረቱን ጭምር ያገኙት በበለጠ እንደ ተሻላቸው፣ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ ጥናቶችን መርምረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ አሳይቷል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ርቀት ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሕክምናው በአንድ ቀን የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየተሰጠ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየታከመ 12 የሚሞላ ሰው ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል ማለት ነው። እህል ውሃ የተወ ሕመምተኛ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ የአውቶቡሱን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ እየከፈለ፣ ቡናው በዛፉ ላይ እየደረቀ፣ ይህን ያህል ጊዜ ከቤቱ ይራቅ ማለት ሕክምናውን ከመከልከል ብዙ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ነገሩ የሚቻል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን በጀመሩ ጊዜ፣ አገልግሎቱ ከዋና ከተማው ውጭ ወዳሉ ሆስፒታሎች መሻገር ቻለ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ፣ በዚያው አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። መቱም የራሷ የካርል ሆስፒታልና የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ለቀዶ ጥገና ሰውን በማደንዘዣ የሚያስተኛ ሆስፒታል፣ ለዚህ ሕክምና ከሚያስፈልገው ዝግጅት ትልቁን ክፍል አሟልቷል፤ ከዚያ በላይ የሚያሻው መሣሪያውና በእርሱ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች «ሕክምናው ያስረሳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሕመምተኛው እንደ ነቃ ለጊዜው ግራ ይጋባል፤ በሕክምናው ሰሞን የሆነውንም ሊዘነጋ ይችላል፤ ከጠፋው ትዝታ አንዳንዱ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። ሕመሙም ቢሆን በመድኃኒት ካልተከታተሉት ብዙ ጊዜ ያገረሻል። ስለሆነም ሕመምተኛው ይህን ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ አስቀድሞ ተነግሮት ፈቅዶ ሊታከም ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅትም ሕክምናው ያለ ማደንዘዣና ያለ ጡንቻ ማላያ መድኃኒት እንዳይሰጥ ያሳስባል። እነዚህ ሁሉ ባልተሟሉበት ቦታ ሕክምናው ባይሰጥ ይሻላል። ሆኖም አደጋው ለመጠንቀቅ እንጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ በረኀብ ወይም በገዛ እጁ ሊሞት ለተቃረበ ሰው የጥቂት ወራት ትዝታ ማጣት ከሁሉ የከፋው ጉዳት አይደለምና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ተረቱ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ይመለከታል። ቤተሰብ «ሰነፈ» ማለቱን ትቶ ሕመምተኛውን በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት አለበት፤ ሕመሙን ገልጦ ለመጣውም ሰው መድኃኒቱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊጠብቀው አይገባም።

መልመጃ

1. የጸሐፊው አቋም ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጡ።
2. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ከተቀበለ በኋላ እንዴት አድርጎ መለሰው?
3. «አደጋው ለመጠንቀቅ እንጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ምንም እንኳ» ብላችሁ በመጀመር መልሳችሁ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ በቅርብ ሊገኝ ይገባል ስለምትሉት አንድ አገልግሎት፣ ሁለት ምክንያቶችና አንድ ተቃውሞ ያለበት ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።