ግብዣ ሲመጣ ቀድመን እንናገር



ቺንግዳኦ በምሥራቅ ቻይና፣ በቢጫ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። በባሕር ምግቧ የታወቀችውን ያህል በ1903 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የቢራ ፋብሪካዋም ትታወቃለች፤ የከተማዋ ሰው ሁለቱን ነጣጥሎ አያቀርብም። ለትምህርት እዚያ የኖርነው ጓደኛሞች ይህን የተረዳነው ከተሳሳትን በኋላ ነው።

የክፍል ጓደኛችን ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ሲጋብዘን “የባሕር ምግብ ነው” አለን። እኛም ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፣ ሐላል ነው ብለን ምንም ሳንጠይቅ ሄድን። ገና ከመቀመጣችን ቢራ ተደረደረ። ብርጭቆ ሲነሣ አንዳችን ሻይ አነሣ፣ ሌላችን አንገቱን ደፋ። ዓሣውን በልተን ከጨረስን በኋላ ደግሞ ሽታው እንዲጠፋ ከሩዝ የሚጠመቅ የማብሰያ ወይን እንደተጨመረበት ሰማን። አላህ ይቅር ይበለን፤ በዚያ አገር ወጥ ቤት ይህ የተለመደ መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመረጥነው መፍትሔ መሸሽ ነበር። በተጠራን ቁጥር “ፈተና አለብን”፣ “አሞናል” እንላለን። ከወራት በኋላ ጓደኛችን “ምን በድያችሁ ነው?” ብሎ ሲጠይቀን መልስ አጣን። ከሐራም እንራቅ ብለን ውሸት ውስጥ ገብተናል፤ ያከበረንን ሰውም አስቀይመናል።

እውነቱን ነገርነው። “ታዲያ ይህን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?” አለን እንጂ አልተቀየመም።

በሌላ ምሽት እንደገና ጠራን። ምግብ ቤቱ ቀድመን ሄዶ ዓሣው ያለ ወይንና ያለ አሳማ ስብ፣ በታጠበ ዕቃ፣ በዝንጅብልና በሽንኩርት ቅጠል በእንፋሎት እንዲበስል አስደርጓል። ለሁሉም ሻይ ብቻ ቀረበ። ዓሣው ሲመጣ ጭንቅላቱን ወደ እኛ አዞረው፤ በአገሩ ልማድ እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው። መግሪብ ሲደርስ አስተናጋጇ ባዶ ክፍል አሳየችን። ሰግደን ስንመለስ ማንም ምግቡን ሳይነካ ጠብቆናል።

አብሮን አንድ ሁዊ ሙስሊም ወንድማችን ነበር። ሐነፊይ ስለሆነ ከባሕር እንስሳ ዓሣ ብቻ ይበላል። ከእኛ መካከል ሻፊዒይ የሆኑት ሌላውንም የባሕር ምግብ በሉ። ማንም ማንን አልተቸም፤ ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችንም ስላሉ ነገሩ አዲስ አልሆነብንም። ጋባዣችን ግን ተገርሞ ምክንያቱን ጠየቀ። ስለ ዲናችን ከእሱ ጋር ረጅሙን ጨዋታ የተጫወትነው ያን ምሽት ነው።

ወንድሞችና እህቶች! እኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤት ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ሥጋው በሙስሊም ታርዶ፣ በሌላ ድስት ተሠርቶ ይጠብቃል። ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ አባቶችና እናቶች ድሮ ተነጋግረው ጨርሰውታል። ውጭ አገር ስንወጣ ግን ያ የለም። ጋባዡ ስለማያውቅ እንጂ ስለጠላን አይደለም። የማይነግረው ሰው በማያውቀው ነገር ሊያዝንበት አይገባም።

“ከነጭራሹ አለመሄዱ አይሻልም?” የሚሉ አሉ። መጠጥ የማይቀርበት ማዕድ ከሆነ አዎን፣ መቅረት ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን በግልጽ ተናግረን እንቅር። ሳንጠይቅ ሁሉን መሸሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸሸን ጥንቃቄ ሳይሆን እፍረት ነው፤ በዲናችን ደግሞ የምናፍርበት ነገር የለንም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገ ለትምህርት ወደ ቻይና የምትሄዱ፣ ማዕዱ ላይ ሳይሆን ግብዣው በመጣበት ሰዓት ተናገሩ። ወይንና የአሳማ ስብ ድስቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ መጠጥ መቅረብ አለመቅረቡን ጠይቁ። ካልተመቸም “ቺንግዠን” የሚል ምልክት ያለበት የሙስሊም ምግብ ቤት እናንተ ጋብዙ። እዚህ ግቢ ውስጥም ከማያውቁን ጓደኞቻችን ጋር ነገሩ ያው ነው።

ወላሁ አዕለም።