በመስኮቱ የሚታየው መልክ

በቴሌቪዥን መስኮት የማን መልክ በምን ማዕርግ ይታይ በሚለው ነገር የዚህ እትም ጸሐፍት እርስ በርስ ባይስማሙም፣ እኔ ብዕሬን ሳነሣ አስቀድማ በሕሊናዬ የመጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው «ስታር ትሬክ» የጠፈር መርከቢቱ የመልእክት መኰንን ኡሁራ ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ናት። ጥቁር ሴት በአሜሪካ ትርኢት አብዛኛውን ጊዜ በገረድነት ትታይ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ስሟ በስዋሂሊ አርነት ማለት ከሆነው ቃል የወጣላት ይህች መኰንን (ንግግሯ ጥቂት እንደ ነበረ አልሸሽግም) ከባለማዕርጎች ጋር መቀመጧ ብቻ ስብከት ነበረ። ኒኮልስ እንደ መሰከረችው፣ ሥራውን ልትተው ቆርጣ ሳለ ማርቲን ሉተር ኪንግ አጥብቆ መከራትና ቆየች። በሕፃንነቷ ኡሁራን ትመለከት የነበረችው ሜ ጀሚሰንም እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆነች። ዝነኞችን ማወደስ ከንቱ ውዳሴ ነው የሚሉት አንዱ የዚህ እትም ጸሐፊ ይህን ባነሣባቸው ፈገግ አሉ፤ ጽሑፋቸውን ግን አልለወጡም።