89 በመቶ የምን?

የአዮዲን ነገር በተነሣ ቁጥር አንዲት ቁጥር ትመዘዛለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 89ኙ አዮዲን ያለው ጨው እንደሚጠቀም አሳየ። በ2011ዱ ጥናት ይኸው ቁጥር 15 ነበር። በአምስት ዓመት ከ15 ወደ 89! አገራችን እንዲህ የፈጠነችበት ሌላ ጉዳይ ካለ ይነገረኝ። ደንብ ቁጥር 204/2003 (2003ቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጣ፣ ጨው አምራቾች ተገደዱ፣ ቁጥሩ ተተኮሰ። ሥራው እንደተሠራ አልክድም። የማልቀበለው ያቺን ቁጥር ይዞ «ተሸፍኗል» ማለትን ነው።

ሰሞኑን ይህችው «ተሸፍኗል» አዳማ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ገጠመችኝ። የታይሮይድ ዕጢያቸው ሰንፎ በየማለዳው ሌቮታይሮክሲን የሚውጡ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን የቫይታሚን ዕቃ ይዘው «ከኪኒኔ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መስኮቱ ላይ የቆመው መድኃኒት ሻጭ ልጅ ዕቃውን አገላብጦ አየና «ቫይታሚን ነው እማማ፣ ምንም አይልዎትም» አላቸው። ከኋላው ያለችው ባልደረባው «አዮዲን አለበት እኮ» ስትለው፣ «ጨዋችንስ መቼ የለውም? አገሩ በሙሉ ተሸፍኗል» ብሎ ዘጋው። ልጁ ላይ አልፈርድም። የነገሩትን ነው የደገመው።

እስቲ ቁጥሯ ከየት እንደመጣች እንይ። ጠያቂው ቤት ይገባል፣ ከጨው ዕቃው ቆንጠር ያደርጋል፣ ከትንሽ ብልቃጥ አንድ ጠብታ ጠብ ያደርግበታል። ጨዉ ወደ ሰማያዊ ከዞረ «አለው» ተብሎ ይመዘገባል። በቃ። ጠብታው አዮዲን መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። መጠኑን ለማወቅ ጨዉ ላብራቶሪ ገብቶ በወጉ መለካት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ያለ ጨው በኪሎ ከ15 እስከ 40 ሚሊግራም አዮዲን እንዲኖረው ይፈልጋል። 5 ሚሊግራም ብቻ ያለውም ቢሆን ሰማያዊ ከመሆን አያፍርም፤ ከ89ኙ ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ሐሜት ነው ይባል ነበር። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚያው ሰሞን ባወጣው ብሔራዊ የማይክሮኒውትረንት ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከአራት ቤት በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የመንግሥት ናቸው፣ ሁለቱም የተገኙት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። አንደኛዋ ግን መድረክ ወጣች፣ ሁለተኛዋ መደርደሪያ ላይ ቀረች። ለምን እንደሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡር ስትሆን ወደ 250 ከፍ ይላል። በቀን 5 ግራም ጨው የሚበላ ሰው ጨዉ በኪሎ 5 ሚሊግራም ብቻ ካለው የሚያገኘው 25 ማይክሮግራም ነው። ጎረቤቱ 40 ሚሊግራም ያለበትን ጨው ገዝቶ፣ እንደ ብዙዎቻችን ወጡን ጨው አብዝቶበት በቀን 10 ግራም ቢበላ 400 ይደርሳል። አንዱ ከሚያስፈልገው ስድስተኛውን እጅ ብቻ ያገኛል፣ ሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ሁለቱም የ89ኙ አባላት ናቸው። አሁን እነዚህ ሁለት ሰዎች ያንን ባለ 150 ማይክሮግራም የአሜሪካ ቫይታሚን ይዘው መስኮቱ ላይ ቢቆሙ ልጁ ምን ብሎ ይመልስላቸው?

በዚያ ላይ ጨዉ የሚመጣበት መንገድ አለ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በፊት የአሰብን ጨው የለመደ አገር ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ፊቱን ወደ አፍዴራ አዙሯል። ጨዉ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ፣ መተሐራን አቋርጦ አዳማ ይገባል። ከዚያ ጉሊት ላይ ማዳበሪያው አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። አዮዲን ደግሞ ሙቀትም እርጥበትም አይወድም። በርበሬያችንም አለ፤ ከጨው ጋር ተፈጭቶ፣ በዕቃ ተከድኖ ወራት ይቀመጣል። የዓመቱን በርበሬ ስታስፈጭ «ጨዉ የቱ ነው?» ብላ የምትጠይቅ እናት እስካሁን አላየሁም። ፋብሪካ በር ላይ የተለካ አዮዲን ድስት ድረስ እኩል ይደርሳል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

«ይብዛ ግድ የለም፣ ከማነስ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ለጤነኛ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ለታመመው ግን አይደለም። በራሱ የሰውነት መከላከያ እየተጠቃ ለሰነፈ ዕጢ ተጨማሪ አዮዲን የበለጠ ማስነፊያ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት አዮዲን አጥቶ እብጠት ያበጀ እንቅርት ደግሞ በድንገት ሲጠግብ ከልክ በላይ ሆርሞን ወደማመንጨት ሊዞር ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) ዚምባብዌ ጨው ላይ አዮዲን ስትጨምር ሐኪሞቿ በዚህ ዓይነት ሕመም የሚመጡ ሰዎች መብዛታቸውን አስተውለው ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ጨው ይቁም አልልም፤ ለሕዝቡ የሚያተርፈው ይበልጣል። ግን ለአገር የተቆረጠ መፍትሔ ለአንዲት ሕመምተኛ መልስ አይሆንም። ሌቮታይሮክሲኑ ራሱ በውስጡ አዮዲን አለው፤ በ100 ማይክሮግራም ኪኒን ውስጥ 65 ገደማ። ያቺ እናት አዮዲን የሚጨምሩበት ምክንያት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

የአዮዲኑ ነገር ይህን ያህል ካጨቃጨቀን፣ የቫይታሚኑ ዕቃ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ጸጥ ብለው ነው የሚያልፉት። አይረንና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ቢያንስ የአራት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ማለዳ በባዶ ሆድ ኪኒኑን ውጦ ወዲያው ቫይታሚኑን የሚያስከትል ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የመድኃኒቱን ጉልበት ያስወስዳል። ቡናውም እንደዚያው ነው፤ ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቢታገሡ ነው የሚሻለው፤ ይህን ቡና በማለዳ ለሚጠጣ አገር መንገር ራሱን የቻለ ድፍረት ይጠይቃል። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው አይረንም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። ሆርሞኑ ለፅንሱ አእምሮ ስለሚያስፈልግ እንዲያውም እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚጠብቀው።

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ካልሲየሙ ሌላ ታሪክ አለው። ከወንጂ እስከ መቂና ባቱ ድረስ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ጠጥቶ ያደገ፣ ጥርሱ የበለዘ፣ ሲያረጅ ወገቡና ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የአንዳንዱ ጉድጓድ ውኃ ይህን ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። አጥንቴን አመመኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ካልሲየም ነው። ከመካከላቸው የታይሮይድ ኪኒን የሚውጡት ሁለቱን በአንድ ጉርሻ እንዳይውጡ የሚነግራቸው ማን ነው? (ፍሎራይድ ራሱ ዕጢውን ይነካ እንደሆነ ገና ክርክር አለበት፤ ከ70 ዓመት በፊት ግን አንዳንድ ሐኪሞች የፈጠነ ዕጢን ለማብረድ ይሰጡት ነበር።)

አንድ ልጨምር። ለፀጉርና ለጥፍር እየተባሉ በሚሸጡት ቫይታሚኖች ውስጥ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን ይገኛል፤ የቀን ፍላጎታችን 30 ነው። አንዳንድ የላብራቶሪ መሣሪያዎች ባዮቲንን ለራሳቸው አሠራር ስለሚጠቀሙበት በደም ውስጥ ሲበዛ ውጤቱን ያዛባባቸዋል፤ ዕጢውን የሚያዝዘው ቲ.ኤስ.ኤች. ዝቅ፣ የዕጢው ሆርሞን ከፍ ብሎ ይወጣል። ሐኪሙም የታይሮይድ መድኃኒቱ በዝቷል ብሎ ለሕመምተኛው ይቀንስለታል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ደም ከመሰጠቱ ከሁለት ቀን በፊት ማቆም ይበጃል። ሴሊኒየምን ደግሞ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሁሉ ይውሰድ የሚሉ አሉ፤ የእህላችን ሴሊኒየም ግን እንደ አፈሩ ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እጥረት ላለበት ይረዳል፣ የተረፈው ሰው ላይ ሲደረብ ይመርዛል።

ወደ ቁጥሯ ልመለስ። ሐኪሞቻችን ለደም ግፊት ጨው ቀንሱ፣ በቀን ከ5 ግራም አትለፉ ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ያ ሰው ጨዉ በኪሎ 15 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ከሆነ፣ በ«በቂ» ወሰን ውስጥ ሆኖ ሳለ የሚያገኘው 75 ማይክሮግራም ነው፤ ከሚያስፈልገው እኩሌታውን። ስለዚህ «በቂ» የተባለችውም ሩብ ብትሆን ሳትጠየቅ አታልፍም። ቀጣዩ ጥናት 95 በመቶ ብሎ ቢመጣ ደስ ይለኝ ይሆን? በጠብታ ከሆነ እንጃ። በላብራቶሪ ተለክቶ ቢመጣስ፣ የዚያን መስኮት ልጅ መልስ ይለውጠው ይሆን? ይህንንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

ዓምደኛው፣ አዳማ