የእነሱ እሾህ ከበር፣ የእኛ እሾህ ከምድጃ

አንድ ዘመዴ ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ ቤት ሠርቶ «መጥተህ እይልኝ» ቢለኝ ባለፈው ጥር ሄድሁ። ቤቱ መልካም ነው፤ ይሙቀው። ግቢው ግን ግቢ አልመሰለኝም። አባቱ ተክለውት የነበረው የአጋም አጥር ከነሥሩ ተመንግሎ ለማገዶ ተከምሯል። ከጓዳው በስተኋላ የነበሩት ጌሾዎችም የሉም። በምትካቸው ከችግኝ መሸጫ የመጣ ዱራንታ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ ቆሟል፤ ከፊሉ ከወዲሁ ጠውልጓል።

«አያ፣ ምነው?» አልሁት።

«አንተ ደግሞ! አጋም እኮ የባላገር አጥር ነው። እሾህ! ልጆቼን ቢወጋብኝስ?»

ወደ ቤት ስንገባ በሩ ላይ የፕላስቲክ ጉንጉን አየሁ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ጠርዝ ጠርዙ እሾህ ነው፣ በመካከሉ ቀያይ ፍሬዎች አሉበት። ለገና ተሰቅሎ ሳይወርድ የቀረ ነው። ዘመዴ ስሙን አያውቀውም፤ ስላማረው ገዛው። ስሙ ሆሊ ነው። እንግዲህ «እሾህ ነው» ብሎ አጋሙን የነቀለው ሰው የፕላስቲክ እሾህ በገንዘቡ ገዝቶ በሩ ላይ ሰቅሏል ማለት ነው!

ከሆሊ ጋር ጠብ የለኝም። የአውሮፓ ዛፎች በብርዱ ወራት ቅጠላቸውን አራግፈው ሲራቆቱ፣ ሆሊ አረንጓዴ እንደ ሆነ ቀይ ፍሬውን ይዞ በበረዶ መካከል ይቆማል። ሰዎቹም ይህን አይተው ከክርስትና በፊት ጀምሮ አከበሩት፤ ክርስትና ሲመጣ ደግሞ እሾሁን የጌታ የእሾህ አክሊል፣ ፍሬውን ደሙ ነው ብለው ተረጎሙት። ይህ ቅኔ ነው እኮ! ከደጃቸው ለበቀለ ቁጥቋጦ ሰምና ወርቅ አወጡለት። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ስለሆነ፣ ፍሬ የፈለገ ሰው ለሴቲቱ ባል አጠገቧ መትከል እንዳለበት ሳይቀር ያውቃሉ።

የዋሸራና የዲማ ልጆች ነን፣ የቅኔ አገር ነን የምንል እኛስ? አባቶቻችን «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ብለው ነበር። ይህ ከአጥር ሥር የተገኘ ተረት ነው፤ አጋሙ ሲወጋው ቁልቋሉ ነጭ እንባውን ሲያፈስ ያየ ሰው የተናገረው ነው። አጋሙም ቁልቋሉም ከደጃችን ከጠፉ ተረቱን ለልጆቻችን በምን እናስረዳቸዋለን? በዱራንታ?

አጋምን አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሆሊ አያምረውም። ቅጠሉ ወፍራምና አብለጭላጭ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ሐምራዊ ይነካካዋል፣ ሽታውም መንገደኛ ያስቆማል። ፍሬው ቀልቶ ቀልቶ ሲበስል ይጠቁራል። የሆሊ ፍሬ ለሰው መርዝ ሲሆን የበሰለው የአጋም ፍሬ ግን የልጅነታችን ከረሜላ ነው። የዱራንታም ፍሬ መርዝ ነው። ለልጆቹ ለሚሳሳው ዘመዴ ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ወሬውን ወደ ቆርቆሮ ዋጋ ወሰደው።

ደግሞስ የእኛ ደጋ ፈተናው መቼ ነው? በክረምትማ ድንጋዩም አረንጓዴ ይለብሳል። ጭንቁ በጋ ነው። ሣሩ ገለባ፣ መንገዱ አቧራ ሲሆን ቅጠሉን ሳያራግፍ የሚቆም ቁጥቋጦ ያኔ ነው ዓይን የሚያሳርፈው። አጋምና ጌሾ ይህን ያደርጋሉ። የዘመዴ ዱራንታ ግን በጥር ወር በጀሪካን ውኃ ይለመንለታል።

ስለ ጌሾ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ለጠላና ለጠጅ ሲሉ ብቻ የሚያስታውሱት አሉና ልናገር፤ ጌሾ በአጭሩ ተገርዞ ቢያዝ ከየትኛውም የውጭ ጌጥ የማያንስ፣ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ የሚመስል ተክል ነው። ዓይን የማይገባውን አረንጓዴ አበባውን ንብ ታውቀዋለች።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። እንዶዳም! ቁጥቋጦ ስሙን ለአገር የሰጠበት ዘመን ነበረን ማለት ነው። ሳሙና ሲመጣ የናቅነውን ያንኑ እንዶድ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቆም ብለው አዩት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ የዓለም ሳይንስ መነጋገሪያ ሆነ።

«አጋም ለማደግ ይዘገያል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይዘገያል። «ቦታችን ጠባብ ነው» ይሉኛል። ይህም እውነት ነው፤ ግን መቀስ የማይገዛው አጋም የለም። የበሰለውን ፍሬ ልጦ ዘሩን አጥቦ ሳይደርቅ መዝራት፣ ችግኙንም ክረምቱ ሲገባ ማዛወር ነው። የችግር ችግር ችግኙ አለመገኘቱ ነው። አንድ መሸጫ ገብቼ «አጋም አላችሁ?» ብል «ጋሼ፣ ለምን ጫካ አይሄዱም?» ብለው ሳቁብኝ። የውጭውን በፕላስቲክ ከረጢት ደርድረው ይሸጣሉ። ለጌጥ ተብሎ የመጣ ሁሉ ግን ጌጥ ሆኖ አይቀርም። የወፍ ቆሎ የምንለው ተክል ለጌጥ ተብሎ ገብቶ ዛሬ የግጦሽ መሬት ይወርራል። ራሱ ሆሊም ወደ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ተሻግሮ፣ ወፍ ፍሬውን እየዘራው የሰው አገር ደን ውስጥ ገብቶ አስቸግሯል። በአገሩ የተከበረው ሁሉ በሰው አገር አይከበርም።

ዘመዴ ዘንድ ሁለት ቀን አደርሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቱ ለሠርግ ጠላ ልትጠምቅ ተነሥታ ልጇን ጌሾ እንዲገዛ ወደ ገበያ ላከችው። ልጁ አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ይዞ ተመለሰ።

«በዚያ ሁሉ ብር ይህችን?» አለች።

ዘመዴ ወደ እኔ አላየም። የውኃውን ጀሪካን አንሥቶ ወደ ዱራንታው ሄደ።