ሳይለቀቅ የተፈረደበት ቪስታ

አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሙከራ ቅጂውን አይተው የሚፈርዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዶክትሬት ዲግሪ በውጭ አገር ስማር ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ለሕዝብ ሙከራ ክፍት አድርጎ ስለነበር በሰኔ ወር ሁለተኛውን የሙከራ ቅጂ በላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። በማግሥቱ ለጓደኞቼ የሰጠሁት ፍርድ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ቀርፋፋ»።

ያ ፍርድ ለፊዚክስ ተማሪ የሚያሳፍር ነበር። ላፕቶፔ የነበረው ራም 512 ሜጋባይት ሲሆን፣ ይህም ለቪስታ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ነው። ራም ሲሞላ ሲስተሙ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል። የእኔ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከር ነበር። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል፦ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ ድረስ በአማካይ የዚህን ግማሽ መጠበቅ ግድ ነው። ራም ግን በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ምላሽ ይሰጣል። ልዩነቱ ከ50 ሺህ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ያልተጠናቀቀ ቅጂ ስህተት ለመፈለጊያ የሚሆኑ ተጨማሪ ሥራዎችን ይሸከማል። ለካ የለካሁት የላፕቶፔን ድህነት ኖሯል!

ይህን ስል ቪስታ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ በ64 ሜጋባይት መነሣት ይችል ነበር፤ ቪስታ ግን ሙሉ ገጽታውን ለማሳየት 1 ጊጋባይት ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2007 ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ «ቪስታን ይችላሉ» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው የተሸጡ ኮምፒዩተሮች ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሷል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚገዛ የአገራችን ተማሪ ይህ የክብደት ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። በየደቂቃው ፈቃድ የሚጠይቀው የደህንነት መስኮትም ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ነገር ግን ወቀሳው ተሰምቶ በመስከረም 2006 በወጣው ቅጂ ላይ ጥያቄው ቀነሰ።

ያን የመስከረም ቅጂ ጭኜ ከአገር ቤት የተላከልኝን የአማርኛ ጽሑፍ ስከፍት ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ፤ ምንም ፎንት ሳልጨምር ፊደሉ ወለል ብሎ ታየ።

የዛሬ ተማሪ ይህ ለምን እንደሚያስገርም ላይገባው ይችላል። በዚያ ዘመን የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ። ጽሑፉ ያው ፎንት ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቁጥሮች ሰጠ፤ «ሀ» 4608 ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይታይም። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ ስላልመጣ፣ ፎንት ካልተጨመረበት በስተቀር በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረድር ነበር። ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ አብሮ ይዞ መጣ።

በዚያ ሰሞን ያነበብኳቸው ግምገማዎች በሙሉ ስለ መስታወት መሰሎቹ መስኮቶች፣ ስለ ቅርፊቱና ስለ ቀለሙ የሚያትቱ ነበሩ። ስለ ኒያላ አንድም ቃል አላገኘሁም፤ ገምጋሚዎቹንም አልወቅስም፤ ጉዳዩ የእነሱ አልነበረም። የምወቅሰው ራሴን ነው። በሰኔ ስፈርድ አማርኛን መሞከር በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። ስህተት ቢኖር ኖሮ ለማረም አመቺው ጊዜ ያ ነበር፤ ከተለቀቀ በኋላ ማስተካከያ ለዓመታት ሊጠበቅ ይችላል።

ዛሬ የዊንዶውስም የአንድሮይድም የሙከራ ቅጂ ለማንኛውም ፈላጊ ክፍት ነው። ስለዚህ በክፍሌ ላሉ ተማሪዎች የምሰጠው ሥራ ይኸው ነው፦ የሙከራውን ቅጂ ዋና ሥራችሁ በሌለበት መሣሪያ ላይ ጫኑ፤ ከማንኛውም አስተያየት በፊት የራሙንና የዲስኩን መጠን ጻፉ፤ ከዚያም አንድ ገጽ አማርኛ ተይቡ። «ቋ» እና «ኘ» በትክክል ይወጣሉ? አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው ወይስ ሁለት «፡» ተደርድረው? ስሞችን በፊደል ተራ ስታስቀምጡ «ሐ» ከ«ለ» በኋላ ይመጣል? ያገኛችሁትን ስህተት ለሠሪዎቹ በዚያው ሳምንት ላኩ፤ ቅጂውንም ለእኔ አምጡልኝ።